የተክሌ ዝማሜ እና የባራታ መቶ ልጆች

ነሐሴ ላይ ጣራ ገዳም ደመና ተከናንቦ ያድራል። ከአዲስ ዘመን ከተማ ወደ ላይ ሲወጡ አስቀድሞ የሚቀበልዎት ጫካው ነው፤ ወይራው፣ ሰሳው፣ ብሳናው፣ አጋሙ፣ ከሥራቸውም ዝናብ ያራሰው ቅጠል። ሊቦ ከምከም እርሻና ግጦሽ ሲገፋው የኖረ ምድር ነው። ይህ ደን እስከ ዛሬ የተረፈው የገዳም አጸድ ስለሆነ ነው። ወቅቱ ፍልሰታ ነበርና ሱባኤ የያዘው ሕዝብ በየዛፉ ሥር፣ በየድንጋዩ ጥግ ነጠላውን ተከናንቦ ተቀምጧል። ቅዳሴ ወጥቶ እህል እስኪቀመስ ገና ብዙ ሰዓት ይቀራል። የሚሰማው ውዳሴ ማርያም የሚደግሙ ሰዎች ለሆሳስና ከቅጠል ላይ የሚንጠባጠብ ውሃ ነው።

ከሰው ፈንጠር ብሎ አንድ ወጣት ቆሟል። በደበሎው ላይ ላስቲክ ደርቧል፤ አኮፋዳው ከወይራ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። በእጁ የያዘው መቋሚያ አይደለም፤ ከመንገድ የቆረጠው ተራ ዱላ ነው። ዱላውን ወደ ቀኝ ያዘነብላል፣ ይመልሳል፣ ወደ ግራ ያዘነብላል። ጉልበቱ ላላ ይልና ደግሞ ይጸናል። አፉ አይላወስም። ጥቂት ከሄደ በኋላ ቀጥ ይልና ራሱን ነቅንቆ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል።

«ምን እያደረግህ ነው ተሜ?»

«እየቀጸልሁ ነው ጋሼ።»

«ያለ ድምፅ?»

«ዜማውማ ውስጤ ነው። ያስቸገረኝ እግሬ ነው።»

ድጓ ሲማር ዓመታት እንደቆየ፣ አሁን አቋቋም ሊገባ ወደ ደብረ ታቦር እንደሚሄድ፣ ሱባኤውን ግን እዚህ ሊፈጽም እንደፈለገ ነገረኝ። እኔም ሳላስብ «ታዲያ ውዝዋዜው ይከብዳል?» አልሁት። አልተቆጣም። ዱላውን ከመሬት ተከለና ታናሽ ወንድሙን እንደሚያርም ሰው ቀስ ብሎ መለሰልኝ፤ «ጋሼ፣ ውዝዋዜ አይደለም። አቋቋም ነው።»

በዕድሜ አባቱ ልሆን እችላለሁ፤ ዕርማቱ ግን ተገቢ ነበር። ከጣራ ገዳም ስወርድም፣ በፎገራ ሜዳ ውሃ የተኛበትን የሩዝ ማሳ እያየሁ ወደ ወረታ ስሄድም ከራሴ አልወጣ ያለው ይኸው ቃል ነው።

አቋቋም ከመቆም የመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ትምህርት ስም ስታወጣ ከመዝለል፣ ከመዞር ወይም ከመወዛወዝ አልተነሣችም፤ አቆማመምን መረጠች። በማኅሌት ካህናቱ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ የቀኝ ጌታ ወገን ነው፣ ሌላው የግራ ጌታ። መሪጌታው ይመራል፣ አንዱ ወገን ያነሣውን ሌላው ይቀበላል። የድጓው ቃል ደግሞ አንድ ጊዜ ተብሎ አይታለፍም። መጀመሪያ በቁም ይባላል፤ ከበሮ የለም፣ ጸናጽል የለም፣ ሰውነት ዝም ብሎ ዜማው ብቻውን ይሄዳል። ቀጥሎ ያው ቃል በዝማሜ ይመጣል፤ መቋሚያው መዘንበልና መመለስ፣ ምድርን መንካት ይጀምራል። ከዚያ መረግድ ነው፤ ከበሮው ይገባል፣ እግር ይነሣል፤ እርሱም ንዑስ መረግድና ዐቢይ መረግድ አለው። በመጨረሻ ጽፋት ይመጣል፤ እጅ ከእጅ ይጋጠማል፣ ከበሮው ይፈጥናል፣ ሴቶች ከኋላ እልል ይላሉ። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሰዓቱን ሙሉ አዲስ አዲስ መዝሙር የሚዘመር ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ የሚባለው ግን ያው ጥቂት ቃል ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ሰውነት ይጨመርበታል።

በዚህ ረገድ የደቡብ ጎንደር ደጋ በኢትዮጵያ ወደር የለውም ብል ማጋነን አይሆንም። ድጓ የሚመሰከርበት ቤተልሔም ጋይንት ነው። ዝማሬ መዋሥዕት የሚመሰከርበት ዙር አምባ እዚያው ጋይንት ምድር ነው። አቋቋም ሲሆን ደግሞ ሊቃውንቱ ስልቱን ታች ቤት፣ ላይ ቤትና ተክሌ ብለው ይለዩታል፤ ታች ቤት ሲሉ ጎንደርን፣ ላይ ቤት ሲሉ ደብረ ታቦርን ማለታቸው ነው። ሌላ አገር አንድ ታላቅ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቢኖረው በገንዘብ ኖቱ ላይ ያትመዋል። እኛ ዘንድ ከጉና ተራራ ወዲህና ወዲያ የተማሪ ጎጆ ተደርድሮ፣ ተሜው ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየነከሰው ይማራል።

ሁሉም ራሱን ከቅዱስ ያሬድ ይስባል። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ላይ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ሦስት የዜማ ዓይነቶች ያቆመልን እርሱ ነው። ከሺህ ዓመት በኋላ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ዜማው እንዳይጠፋ በድጓው ቃል ላይ ምልክት ጣሉበት፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ እያለ የሚሄደውን። ልብ ይበሉ፤ እነዚህ ሁሉ የጉሮሮ ምልክቶች ናቸው። ጉልበት ምን ያህል ይላላ፣ ትከሻ ወዴት ያዘንብል፣ እግር ከበሮውን ይቅደም ወይስ ይከተል የሚለው ነገር ከየኔታ ሰውነት ላይ ነው የሚቀዳው። የጣራ ገዳሙ ተሜ ያለ ድምፅ ይቀጽል የነበረው ለዚህ ነው።

ይህን ሳስብ ነው ሕንድ የመጣችብኝ።

ሕንዶች ይህንኑ የሰውነት ነገር ጽፈውታል፤ ያውም ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት። መጽሐፉ ናትያ ሻስትራ ይባላል። ባራታ ለተባለ ጠቢብ የሚሰጥ ሲሆን ሊቃውንቱ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ200 ዓመት አንሥቶ ከልደቱ በኋላ እስከ 200 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጀ ይገምታሉ። በ36 ምዕራፎቹ ያልነካው ነገር የለም፤ የመድረኩ ስፋት፣ የተዋናዩ ልብስ፣ የፊት ቀለም፣ የግጥም ምጣኔ፣ የዜማ ስልት። ሰውነቱን ሲዘረዝርማ እንደ ርስት ቆጣሪ ነው። ለራስ 13 እንቅስቃሴ ይሰጣል። ለዓይን 36 አስተያየት አለው። ለአንድ እጅ 24፣ ለሁለት እጅ በጣምራ 13 ቅርፅ ይቆጥራል። እጅና እግር ተዋሕደው የሚሠሯቸውን ደግሞ 108 ብሎ ይዘረዝራል፤ እነዚህ በደቡብ ሕንድ ቺዳምባራም በሚገኘው የናታራጃ መቅደስ በር ላይ በድንጋይ ተቀርጸው ይታያሉ። ብራና ቢቃጠል ድንጋዩ ይቀራል ማለት ነው።

ከዝርዝሩ ይልቅ ግን የማረከኝ ታሪኩ ነው። መጽሐፉ ሲጀምር እንዲህ ያወራል። ሰዎች በምኞትና በቅናት ተይዘው ሲሠቃዩ አማልክቱ ወደ ፈጣሪው ብራህማ ሄደው በዓይን የሚታይ፣ በጆሮ የሚሰማ፣ መደብ ሳይለይ ሁሉም የሚካፈለው ነገር ስጠን አሉት። እርሱም ቬዳ ከሚባሉት ከአራቱ ቅዱሳት መጻሕፍት ንባቡን፣ ዜማውን፣ ትወናውንና ጣዕሙን ወስዶ አምስተኛ ቬዳ አደረገው። ያንን ለባራታ አስተማረ፣ ባራታም ለመቶ ልጆቹ። የመጀመሪያው ትዕይንት አማልክት አጋንንትን ድል ሲነሡ የሚያሳይ ነበርና አጋንንቱ ተቆጥተው የተዋንያኑን ንግግር፣ እንቅስቃሴና ትዝታ አሰሩባቸው። ልጆቹ መድረክ ላይ ደርቀው ቀሩ። የአማልክቱ ንጉሥ ኢንድራ ተነሥቶ የሰንደቁን በትር ይዞ አጋንንቱን ቀጠቀጣቸው። ከዚያ ወዲህ ያ በትር ጃርጃራ ተብሎ ከትዕይንት በፊት ይከበራል።

በትር! መቋሚያ ይዞ ያደገ ሕዝብ ይህን ሲሰማ ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም። እርግጥ ነው መቋሚያ ከጃርጃራ አልመጣም፣ ጃርጃራም ከመቋሚያ። እንዲህ ያለውን ዘር ፍለጋ የሚወዱ አሉ፤ እኔ አልወደውም። ሌሊቱን ሙሉ የሚቆም ሰው የሚደገፈው ነገር ይሻል፤ የሚደገፍበትም ነገር ውሎ አድሮ ትርጉም ያገኛል። አባቶች መቋሚያውን በመስቀል፣ ጸናጽሉን በያዕቆብ መሰላል፣ የከበሮውን ጠፍር በጌታ ግርፋት ይተረጉሙታል። ሕንዶቹም እንደዚሁ አደረጉ።

ከበትሩ የበለጠ የሚያቀራርበን ቃላቸው ነው። በጥንቱ ሕንድ ናትያ ሲባል ቴአትሩ፣ ጭፈራው፣ ዜማው ሁሉ በአንድ ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሻርንጋዴቫ የተባለ ሊቅ ሳንጊታ የሚለውን ቃል ሲተረጉም ዘፈን፣ መሣሪያና እንቅስቃሴ ሦስቱ በአንድነት ብሎታል። እኛም አቋቋም ስንል ድምፁን ከእግሩ፣ እግሩን ከከበሮው አንነጥልም። ነጣጥለን «ሙዚቃ»፣ «ዳንስ»፣ «ድራማ» ማለት የለመድነው ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከገባን ወዲህ ነው። ሕንዶች የትዕይንትን ፍሬ ራሳ ይሉታል፤ ትርጉሙ ጣዕም ነው። እኛስ? ጣዕመ ዜማ እንላለን። ባራታ ስምንት ጣዕሞችን ቆጠረ፤ ፍቅር፣ ሣቅ፣ ኀዘን፣ ቁጣ፣ ጀግንነት፣ ፍርሃት፣ መጸየፍ፣ መደነቅ። በሺህኛው ዓመት ገደማ የካሽሚሩ አቢናቫጉፕታ ለመጽሐፉ ሰፊ ትርጓሜ ጻፈለት፤ አንድምታ በሉት። እርሱም ዘጠነኛ ጣዕም እንዳለ ተከራከረ፤ ጸጥታ። የማኅሌትን ቁም ዜማ የሰማ ሰው ዘጠነኛው የቱ እንደሆነ አያጣውም።

ልዩነታችንም ትልቅ ነው። የሕንዱ እጅ ይናገራል፤ ጣቶቹ ሲታጠፉ ሎተስ፣ አጋዘን፣ ቀስት ይሆናሉ፤ ተመልካቹ ታሪኩን ከእጅ ላይ ያነብባል። የእኛ ካህን በአንድ እጁ መቋሚያ፣ በሌላው ጸናጽል ይዟል፤ ማንንም አይመስልም፣ ማንንም አይተውንም። ተመልካችም የለውም። ፊት ለፊቱ የቆመው ተመልካች ሳይሆን ያንኑ ቃል የሚቀበለው ወንድሙ ነው። ተሜው «ውዝዋዜ አይደለም» ያለኝም ለዚህ ይመስለኛል። ሕንድ ቢወለድ ኖሮ ግን እንዲህ ባልተከራከረኝ ነበር፤ እዚያ መጨፈርና ማምለክ ለረጅም ዘመን በአንድ ቤት ኖረዋል።

የባራታ መጽሐፍ መጨረሻው ያሳዝናል። መቶው ልጆቹ በጥበባቸው ኮርተው በሊቃውንት ላይ የሚቀልድ ትዕይንት ሠሩ። ጠቢባኑ ተቆጥተው ረገሟቸው፤ ከክብራቸው ወርደው ዝቅተኛ መደብ እንዲሆኑ ተፈረደባቸው። ጥበቡ ግን አልተወሰደባቸውም፤ ምድር ላይ እያስተማሩት እንዲቀጥሉ ተተወላቸው። የአዝማሪን ነገር የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳል። እኔ ግን ስሰማው ያሰብሁት ሌላ ሰው ነው።

አለቃ ገብረ ሐና የፎገራ ሰው ናቸው፤ ናበጋ ጊዮርጊስ የተወለዱባት ናት። ሕዝቡ የሚያውቃቸው በቀልዳቸው ነው። ምኒልክ ግቢ ገብተው ስለተናገሩት፣ እቴጌይቱን ስላስቆጡበት፣ በጌሾና በጠጅ ስለተሣለቁበት ቀልድ ያልሰማ ልጅ የለም። ቀልዱ ሰውየውን ዋጠው ማለት ይቻላል። እርሳቸው የጎንደር በዓታ ታላቅ የአቋቋም መምህር ነበሩ። ተረኩ እንደሚለው ጣና ዳር ሳሉ የባሕሩን ማዕበልና በዳርቻው የበቀለውን ደንገል (አንዳንዱ ተራኪ ሸንበቆ ይላል) ነፋስ ሲያዘነብለው፣ ተመልሶ ሲቀና አዩ። ያንን አካሄድ ወደ መቋሚያ አመጡት፤ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ለስለስ ብሎ የሚሄድ፣ ማዕበል የመሰለ ዝማሜ።

የጎንደር ሊቃውንት አልተቀበሉትም። አሁን ሳስበው አልፈርድባቸውም። አንድ ሰው፣ ያውም በቀልዱ የሚታወቅ ሰው፣ ከሣር የተማርኩት ነው ብሎ ከያሬድ የወረዱበትን ስልት ልለውጥ ቢላቸው ምን ሊሉ ኖሯል? በሕንድ ቢሆን 108ቱን ገልጦ «የለም፣ እዚህ አልተጻፈም» የሚል ይነሣ ነበር። እዚህ የተጻፈ አልነበረምና ክርክሩ በሰውነት ላይ ሆነ። አለቃም ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት። ተክሌ ወደ ደብረ ታቦር መጥቶ አስፋፋው ይባላል። ደብረ ታቦር ተቀበለችው። ዛሬ ስልቱ በአባት ስም አይጠራም፤ ተክሌ ዝማሜ፣ ተክሌ አቋቋም ነው የሚባለው። ባራታ መቶ ልጆች ነበሩት፣ አለቃ ገብረ ሐናን ለአቋቋም ያቆያቸው አንድ ልጅ ነው።

እንግዲህ ያልተጻፈ ነገር ሁለት ዕጣ አለው። በአንድ በኩል ነፃ ነው፤ አንድ ሰው ባሕር ዳር ተቀምጦ ሊያድሰው ይችላል። በሌላ በኩል አንድ የኔታ ሲያርፍ አብሮ የሚቀበር ነገር አለ። ሕንዶች መጽሐፍ ስላላቸው ከዚህ የዳኑ እንዳይመስልዎት። ናትያ ሻስትራ ራሱ ለዘመናት ከሊቃውንት እጅ ርቆ ቆይቶ ብራናው ተለቅሞ የታተመው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። በመቅደስ ሲያገለግሉ የኖሩት ሴት ጨፋሪዎች፣ ዴቫዳሲ የሚባሉት፣ በቅኝ ግዛት ዘመን ስማቸው ጠፍቶ በ1947 እ.ኤ.አ. በማድራስ ሥርዐታቸው በሕግ ታገደ። ጥበባቸውን ባራታናትያም በሚል ስም ወደ ከተማ መድረክ ካወጡት አንዷ ሩክሚኒ ዴቪ ናት፤ በ1936 እ.ኤ.አ. ካላክሼትራ የተባለውን ትምህርት ቤት ማድራስ ላይ መሠረተች። ጥበቡ ተረፈ፣ ዛሬ ዓለም ያጨበጭብለታል። ከመቅደሱ ግን ወጣ፤ ከነዚያ ሴቶች ቤትም ወጣ። ኬራላ ውስጥ ኩቲያታም የሚባለው የሳንስክሪት ቴአትር እስከ ዛሬ በመቅደስ አጥር ውስጥ በተሠራ የትዕይንት ቤት ይታያል፤ ትልቅ የመዳብ ጋን የመሰለ ከበሮ ይመታለታል፤ ዩኔስኮ በ2001 እ.ኤ.አ. እውቅና ሰጥቶታል። እኔን ቢጠይቁኝ ሁለተኛውን መንገድ እመርጣለሁ። አቋቋምን መድረክ ላይ አውጥቶ በመብራት ማሳየት ይቻላል፣ ተሞክሯልም። አሥር ደቂቃ ይሆናል። ጽፋቱ ብቻ ተቆርጦ ይቀርባል፣ ሰው ያጨበጭባል። ቁሙ ግን ይቀራል፤ ለቁም ዜማ ማን ትኬት ይገዛል?

ኬራላን ካነሣሁ አይቀር፣ ከሕንድ ጋር ያለን ዝምድና በወደብ ንግድና በሕንድ ፊልም ብቻ አይደለም። የማላንካራ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን እኅታችን ናት። በ1965 እ.ኤ.አ. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአምስቱን የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሲሰበስቡ የኬራላዎቹም ነበሩ። ከዚያ አስቀድሞ በ1947 እ.ኤ.አ. ፖል ቬርጊስ የተባለ ወጣት ለመምህርነት ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ኋላ የንጉሠ ነገሥቱ ረዳት ሆኗል፤ ከዓመታት በኋላም በአገሩ ጳውሎስ ማር ግሪጎርዮስ ተብሎ የዴልሂ ሊቀ ጳጳስ ሆነ። የኬራላ ክርስቲያኖች ደግሞ ማርጋምካሊ የሚባል የቆየ ሥርዐት አላቸው። አሥራ ሁለት ሰዎች መሀል ላይ የበራ መብራት ከበው፣ እያጨበጨቡ፣ የሐዋርያው ቶማስን ታሪክ እያዜሙ ይዞራሉ። አሥራ ሁለቱ ሐዋርያቱ፣ መብራቱ ክርስቶስ ነው ይላሉ። የባራታ አገር ክርስቲያን ከሰፈሩ ጭፈራ ወስዶ እንዲህ አመለከበት፤ የጣና ዳር ካህን ደግሞ ከደንገሉ።

ደብረ ታቦር የደረስኩት ነሐሴ 12 ቀን ሲመሽ ነበር። በየደጁ ችቦ እየተለኮሰ፣ ልጆች ዱላቸውን መሬት እየመቱ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ የእነርሱም ዱላ የራሱ ምት አለው። ጅራፍ ከተራራው ወደ ተራራው ይጮኻል። ከተማዋ ስሟን ከዚያ ጌታ ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ ወስዳለችና ቡሄ ለእርሷ ከሁሉም በዓል ይበልጥባታል።

ማኅሌቱ ውስጥ ስገባ ገና ቁም ላይ ነበሩ። ጧፍ፣ ነጭ ጥምጥም፣ ያልተነኩ ከበሮዎች። ከሌሊቱ በአንዱ ሰዓት አንድ ሽማግሌ መሪጌታ መቋሚያቸውን ወደ ቀኝ አዘነበሉ፣ ረድፉም ሁሉ ተከተላቸው፤ እንደ አንድ ሣር። ከኋላ፣ ከዓምዱ ጥግ፣ ተማሪዎች ቆመው የሽማግሌውን ጉልበት ያያሉ። ፊታቸውን አያዩም። የጣራ ገዳሙ ተሜ ከመካከላቸው አልነበረም፤ ሱባኤው ሦስት ቀን ይቀረዋል።

ለከርሞ መሄድ ለሚፈልግ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ ከወረታ ደብረ ታቦር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ነሐሴ 12 ማታ ይድረሱ። ጠዋት የሚመጣ ሰው ጽፋቱን እንጂ ቁሙን አያገኝም።